ስለ ኮምፒውተር ጎልፍ ሜዳ ንድፍ፦ የተዘለለው የምስል አያያዝ ጉዳይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ ኮምፒውተር ጎልፍ ሜዳ አነዳደፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ጉዳዩ በአማርኛ መጻፉ ደግ ነገር ነው። ጽሑፉ ግን ጀማሪውን ኃይለኛ ኮምፒውተር ግዛ፣ ያማሩ ፎቶዎችን ከኢንተርኔት ሰብስብ፣ ከዚያ ንደፍ ብሎ ያሰናብተዋል። እንዲህ የተጀመረ ሜዳ ብዙውን ጊዜ አጋማሹ ላይ ቆሞ ይቀራል። የትኛው ፋይል ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ዋናው የትኛው ቅጂው እንደሆነ፣ ለምን ያህል መጠን እንደተዘጋጀ የሚያውቅ ሰው ይጠፋልና። ጽሑፋችሁ የዘለለውን ይህን ክፍል ለመሙላት ነው የምንጽፈው።

ነገሩን በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ ብናየው ይሻላል። ጂኤስፕሮ በሚባለው የጎልፍ ሲሙሌተር (ጎልፍን ስክሪን ላይ በተሣለ ሜዳ የሚያጫውት) ሶፍትዌር ላይ ያሉት ሜዳዎች በአብዛኛው ተጫዋቾቹ ራሳቸው የነደፏቸው ናቸው። ሶፍትዌሩ ዩኒቲ በሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ የተሠራ ነው። ነዳፊው የመሬቱን ከፍታ ከላይዳር (ከአየር በሌዘር ከተለካ) መረጃ ወስዶ ኪውጂስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ያዘጋጃል፣ የፌርዌዩን (የታጨደውን ዋና መንገድ)፣ የግሪኑን (ጉድጓዱ ያለበትን ለስላሳ ሣር) እና የባንከሩን (የአሸዋውን ጉድባ) ድንበር ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ይሥላል፣ በብሌንደር ባለ ሦስት ገጽታ ቅርጽ ያስይዘዋል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ዩኒቲ ውስጥ ያገጣጥማል። አራት ፕሮግራም ማለት ነው፤ ምስሎቹም በአራቱ መካከል ይመላለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ማይክሮሶፍት ባወጣው ሊንክስ 2003 ዘመን ዛፉ ጠፍጣፋ ፎቶ ስለነበር ነዳፊው የሚጨነቀው ስለ ፎቶው ጠርዝ ነበር። ያ ጭንቀት ዛሬም አለ፤ ሌሎች ብዙ ተጨምረውበታል።

ከሁሉ በፊት ፎቶ የማይመስለውን ምስል፣ የከፍታ ምስሉን እናንሣ። መሬቱ ወደ ዩኒቲ የሚገባው ግራጫ ምስል ሆኖ ነው፤ የነጣው ከፍ ያለ ቦታ፣ የጠቆረው ዝቅ ያለ። ይህን ምስል በ8 ቢት ያስቀመጠ ሰው ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው። የሜዳው ዝቅተኛና ከፍተኛ ቦታ በ50 ሜትር ቢበላለጡ አንዱ ደረጃ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ግሪን ላይ ኳስን የሚያጣምም ተዳፋት ደግሞ በ10 ሜትር ርዝመት ውስጥ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ለስላሳ መሆን የነበረበት ተዳፋት አንድ እርከን ሆኖ ይወጣል፤ ኳሱ ደህና ሲንከባለል ይቆይና እርከኑ ጋ ሲደርስ ይዘላል። በ16 ቢት ግን 65,536 ደረጃ አለ፤ በዚያው 50 ሜትር ላይ አንዱ ደረጃ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። የከፍታ ምስል 16 ቢት ሮው ወይም 16 ቢት ቲፍ ሆኖ ይቀመጥ፤ ጄፔግ ፈጽሞ አይሁን፤ 16 ቢት የማይዝ የፎቶ ማስተካከያ ውስጥም አይከፈት። ለምሳሌ ከ2.10 በፊት የነበሩት የጂምፕ እትሞች የሚይዙት 8 ቢት ብቻ ነው፤ ከፍቶ መልሶ ሴቭ ማድረግ ብቻውን ለማበላሸት ይበቃል።

የምስሉ ስፋትም እንደፈለጉ የሚወሰን አይደለም። የዩኒቲ መሬት የሚቀበለው 513፣ 1025፣ 2049፣ 4097 የሚሉትን ቁጥሮች ነው፤ አንድን በሁለት እያባዙ ሄደው በመጨረሻ አንድ ሲጨምሩበት የሚገኙትን ማለት ነው። ስፋቱ 2 ኪሎ ሜትር በሆነ መሬት ላይ 2049 ቢመረጥ በነጥብና በነጥብ መካከል 1 ሜትር ገደማ ይኖራል፣ በ4097 ግማሽ ሜትር። ሮው ፋይል ደግሞ ስለራሱ ምንም አይናገርም፤ ስፋቱም የቢት ጥልቀቱም የባይት ቅደም ተከተሉም ውስጡ አልተጻፈም። ሲገባ የዊንዶውስና የማክ የባይት ቅደም ተከተል (ከቁጥሩ ሁለት ባይቶች የትኛው እንደሚቀድም) ከተምታታ መሬቱ በሙሉ እሾህ በእሾህ ይሆናል። ይህኛው ወዲያው ስለሚታይ አያሰጋም። ሰሜንና ደቡቡ ከተገለበጠ ግን መሬቱ ደህና መስሎ ይታይና ከተሣለው ድንበር ጋር አልገጥም ይላል፤ ነዳፊውም ድንበሩን ሲያስተካክል ይከርማል። ስለዚህ የፋይሉ ስም ራሱ ይናገር፦ ስፋቱን፣ ቢቱን፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ከፍታ በሜትር። «ከፍታ_2049_16ቢት_2318_2371» የሚል ስም ያለው ፋይል ከዓመት በኋላ ቢከፈትም መሬቱ 53 ሜትር ከፍ ዝቅ እንደሚል ያስታውቃል።

የአዲስ አበባን ወይም የሌላ የኢትዮጵያ ቦታን መሬት ይዞ መንደፍ ለሚፈልግ አንባቢ እዚህ ላይ ግልጽ ሊሆንለት የሚገባ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤቱ የላይዳር መረጃ በነፃ ይለቃል፤ እንግሊዝ ውስጥም 1 ሜትር ጥራት ያለው በነፃ ይገኛል። ለኢትዮጵያ ማንም በቀላሉ በነፃ የሚያገኘው እንደ ኤስአርቲኤም (ከጠፈር በራዳር የተለካ ከፍታ) ያለ የ30 ሜትር መረጃ ነው። አንዱ ነጥብ 30 በ30፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ አንድ ግሪን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 ካሬ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ግሪኑ በሙሉ አንድ ነጥብ አይሞላም። ከዚህ መረጃ የኮረብታውንና የሸለቆውን አጠቃላይ ቅርጽ መውሰድ ይቻላል፤ ግሪኑን፣ የባንከሩን ከንፈርና የቲውን (የመጀመሪያው ምት የሚመታበትን) መደብ ግን በእጅ መቅረጽ ወይም ቦታው ድረስ ሄዶ መለካት ግድ ነው። ፋይሉን በኮምፒውተር ወደ 1 ሜትር ቢያሳድጉት የነጥቡ ቁጥር ይበዛል እንጂ አዲስ መረጃ አይፈጠርም።

ሌላም የእኛው አገር ጣጣ አለ። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የካርታ መለኪያ መነሻ) ነው፤ የሳተላይት ምስሎች ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84 ይመጣሉ። ሁለቱን ሳያስማማ የደረበ ሰው ከ100 ሜትር በላይ የተንሸራተተ ሥዕል ያገኛል። ኪውጂስ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፋይል ትክክለኛው የካርታ ሥርዓት መለያ ቁጥር ይመረጥ፦ ለአዲስ አበባ አካባቢ ደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ቁጥሩ 32637 ነው፣ የአዲንዳኑ 20137። ከዚያ ሁሉም ወደ አንዱ ተቀይሮ፣ የተቀየረው ብቻ ወደሚቀጥለው ፕሮግራም ይለፍ።

ከአየር የተነሣው ፎቶ መሥመር ለመከተል እንጂ መሬት ለማልበስ አይሆንም። ጽሑፋችሁ የሳተላይት ፎቶውን በቀጥታ መሬቱ ላይ ማንጠፍ እንደሚቻል ይጠቁማል። ይቻላል፤ ውጤቱ ግን አያምርም። አንድ ፒክስሉ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ፎቶ ላይ፣ የጎልፍ ኳስ ስፋቱ 42.67 ሚሊ ሜትር ነውና፣ በአንዱ ፒክስል 14 ኳስ ይሰለፍበታል። ተጫዋቹ ከኳሱ አጠገብ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ የሚታየው የደበዘዘ አረንጓዴ ንጣፍ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፎቶው በተነሣበት ሰዓት የነበረው የዛፍ ጥላ አብሮ ታትሟል፤ የጨዋታው ፀሐይ ከሌላ አቅጣጫ ስትመጣ አንድ ዛፍ ሁለት ጥላ ይጥላል። ፎቶው ድንበሩ በሚሣልበት ጊዜ ከሥር ይነጠፍ፣ ሥዕሉ ሲያልቅ ይውጣ። ኢንክስኬፕ ፎቶ ሲያስገቡበት ውስጡ ላስቀምጠው ወይስ ካለበት ላገናኘው ብሎ ይጠይቃል። ውስጡ ሲቀመጥ የሥዕሉ ፋይል የፎቶውን መጠን ያህል፣ እንዲያውም ሲሶ ጨምሮ ይወፍራል፤ እያንዳንዱ ሴቭ ይዘገያል። ማገናኘቱ ይሻላል፤ ነገር ግን ፎቶውና ሥዕሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ። አለዚያ ፎልደሩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወር ፎቶው የነበረበት ቦታ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ዩኒቲ ውስጥም ለመሞከር ያህል ከመሬቱ ጋር የተያያዘ 8192 በ8192 ፎቶ ካለ፣ ከማሳተም በፊት ማያያዣው ይፈታ። ተያይዞ የቀረ ምስል ሁሉ፣ ማንም ባያየውም፣ ከሜዳው ጋር ተጠቅልሎ ይወጣል።

አሁን ወደ ሣሩ፣ አሸዋውና ዛፉ ቴክስቸር (በቅርጹ ላይ ወደሚለጠፈው ምስል) እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዲስክ ላይ ያለውን የፋይል መጠን አይቶ ይረጋጋል። ጄፔግ ሆኖ 900 ኪሎ ባይት የማይሞላ 4096 በ4096 ፎቶ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሳይታመቅ ሲዘረጋ 64 ሜጋ ባይት ይይዛል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ስፋት ሲባዛ በቁመት ሲባዛ በ4 ባይት። ለሩቅ እይታ የሚዘጋጁት ትንንሽ ቅጂዎች፣ ሚፕማፕ የሚባሉት፣ ሲሶ ይጨምሩበታል፤ 85 ሜጋ ባይት ገደማ ይደርሳል። ለአንድ የመሬት ሽፋን (እንደ ሣር ወይም አሸዋ ያለ ንጣፍ) የቀለም፣ የኖርማል (የገጹን ጎድጓዳና እብጠት የሚናገር) እና የማስክ (እንደ ሻካራነት ያለውን የሚናገር) ምስል፣ ሦስት ይሆናሉ። 12 ሽፋን ያለው ሜዳ 36 ምስል አለው። ሁሉም 4096 ሆነው ሳይታመቁ ቢቀሩ 3 ጊጋ ባይት ሙሉ ይበላሉ፤ ዛፍና ሕንፃ ገና አልተቆጠረም። ያው 36 ምስል በ2048 ተዘጋጅቶ፣ በፒክስል 1 ባይት በሚወስደው ቢሲ7 ዓይነት ማመቅ ቢታመቅ 192 ሜጋ ባይት ነው። በተጫዋቹ ዓይን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው፤ በካርዱ ላይ ያለው ግን 16 እጥፍ። ሲሙሌተራቸውን በመጠነኛ ካርድ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ሜዳው ለምን ይንቀጠቀጣል ብለው ሲጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ታዲያ 4096 የሚገባው ለምንድን ነው? የአንድ ምስል መጠን የሚወሰነው መሬት ላይ በሚሸፍነው ስፋት ነው። 2048 ፒክስል ምስል 2 ሜትር ላይ ቢነጠፍ አንዱ ፒክስል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ለግሪን ይበቃል፣ ይተርፋልም። ለፌርዌይ 4 ሜትር ላይ ይነጠፍ። ተጫዋቹ ለማይደርስበት የሩቅ ጫካ ወለል 1024 ከበቂ በላይ ነው። እኛ 4096 የምንፈቅደው ተጫዋቹ አጠገቡ ለሚቆምበትና ለማይደጋገም ነገር፣ ለምሳሌ ለክለብ ቤቱ ግንብ ብቻ ነው። መጠኖቹ ሁሉ እንደ 512፣ 1024፣ 2048 ያሉ፣ አንድን በሁለት እያባዙ የሚገኙ ቁጥሮች ይሁኑ። 2000 በ2000 የተቆረጠ ፎቶ ሲገባ ዩኒቲ በራሱ ወደ 2048 ይጎትተዋል፣ ሲጎትተውም ያደበዝዘዋል። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር፦ ዩኒቲ የመሬት ሽፋኖችን አራት አራት እያደረገ በአንድ የቁጥጥር ምስል ይይዛቸዋል፤ ለቀይ አንድ፣ ለአረንጓዴ አንድ፣ ለሰማያዊ አንድ፣ አልፋ ለሚባለው (የግልጽነቱን መጠን ለሚይዘው) አንድ። አምስተኛው ሽፋን ሲጨመር ሌላ የቁጥጥር ምስል ይከፈታል፣ መሬቱም በተለመደው አሠራር ተጨማሪ ዙር ይሣላል። ለአንዲት ጥግ ብቻ ብሎ ዘጠነኛ ሽፋን መጨመር ውድ ነው። በ4፣ በ8 ወይም በ12 መቆም ይሻላል።

ሣር ራሱ ፎቶ ማንሣት ለሚፈልግ ሰው ምክራችን አጭር ነው። ሰማዩ በደመና በተሸፈነ ሰዓት፣ ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ታች እያየ፣ ከእግር ጥላ ርቆ ይነሣ። ከዚያ ጂምፕ ውስጥ ምስሉ በግማሽ ስፋትና በግማሽ ቁመት ይንሸራተት፤ ጠርዞቹ መሐል ላይ ይገናኙና መጋጠሚያው ይታያል፣ እሱም ይጠገናል። መጋጠሚያው ጠፋ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። አንዲት የደረቀች ቡጫቂ ወይም አንድ ነጭ አበባ በምስሉ ውስጥ ካለች፣ ከቲው ላይ ሲታይ በየ4 ሜትሩ ተደርድራ ሜዳውን ሰሌዳ ታስመስለዋለች። ዓይን የሚይዝ ነገር ሁሉ ከመሠረቱ ምስል ይጥፋ፤ ልዩነት የሚያስፈልግ ከሆነ በሌላ ሽፋን ይምጣ። የማጨጃ መሥመሩም እንዲሁ በቴክስቸሩ ውስጥ አይታተም፤ የ3ኛው ጉድጓድ ማጨጃ አቅጣጫ ከ4ኛው ይለያልና ለብቻው ማስክ ይሁን። የሣር ነገር ከተነሣ፣ ኪኩዩ የሚባለው ሣር መነሻው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፤ የሎስ አንጀለሱ ሪቪዬራ ክለብ ፌርዌይም በእሱ የተሸፈነ ነው። በአካባቢው ይህን ሣር የሚያገኝ ኢትዮጵያዊ ነዳፊ የካሊፎርኒያ ሜዳ ለመሥራት ከማንም የማይዋሰው የራሱ ፎቶ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

የቀለም ምስልና የቁጥር ምስል መለየት አለባቸው። ኖርማልና ማስክ ለዓይን ሥዕል ቢመስሉም ውስጣቸው ያለው ቁጥር ነው፤ ዩኒቲ ውስጥ የኤስአርጂቢ ምልክታቸው (ምስሉ ቀለም ነው የሚለው) ይነሣ፣ ኖርማሉም ኖርማል ተብሎ ይመዝገብ። ማስኩ እንደ ቀለም ከተነበበ ቁጥሮቹ ይዛባሉ፣ ግሪኑም ያልታሰበ መልክ ይይዛል። ከሌላ ቦታ የመጣ ኖርማል የአረንጓዴ ቻናሉ ተገልብጦ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱ ወገን በዳይሬክትኤክስ ልማድ ያዘጋጃል፣ ዩኒቲ ደግሞ በኦፕንጂኤል ልማድ ይጠብቃል። ምልክቱ የባንከሩ የመጥረጊያ ሰንበር ጎድጉዶ መታየት ሲገባው አብጦ መታየቱ ነው። የነጭ አሸዋ ቀለም ደግሞ ከ240 አይለፍ፤ 255 ላይ የደረሰ አሸዋ በቀትር ፀሐይ ነጭ ጉድጓድ ይሆናል፣ ኳሱም አይታይበትም።

ስለ ዛፍ ቅጠል። የቅጠሉ ምስል ዳር ላይ ነጭ ወይም ጥቁር ክር ከታየ፣ ችግሩ ያለው በማይታየው ፒክስል ውስጥ ነው። ሙሉ በሙሉ የተሰወረ ፒክስልም ቀለም አለው፤ ምስሉ ሲያንስ ያ ቀለም ከቅጠሉ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ባዶው ቦታ በቅጠሉ አረንጓዴ ይሞላ፣ ከጂምፕ ወደ ፒኤንጂ ሲወጣም የተሰወሩ ፒክስሎችን ቀለም አስቀምጥ የሚለው ምልክት ይደረግበት። ሌላው ደግሞ ዛፉ ከቅርብ ጥቅጥቅ ብሎ ከ150 ሜትር ላይ ሲታይ መመለጡ ነው። ምክንያቱ ሚፕማፑ ነው፤ ትንሹ ቅጂ ሲሠራ የአልፋው ቁጥር ከባዶው ጋር እየተማከለ ከመቁረጫው ወሰን በታች ይወርዳል፣ ቅጠሉም ይቆረጣል። ዩኒቲ ውስጥ የአልፋው ሽፋን በሚፕማፕ እንዲጠበቅ የሚያዝ ምርጫ አለ፤ እሱ ይከፈት። ሚፕማፑን ጨርሶ ማጥፋት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ዛፉ አይመለጥም፣ ግን ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጫካው በሙሉ ይርገበገባል።

ለምልክት ሰሌዳ፣ ለባንዲራ፣ ለርቀት ቁጥርና ለቲ ምልክት አንድ 2048 ምስል ይበቃል፤ 512 በ512 የሆኑ 16 ክፍሎች ይወጡታል። በክፍሎቹ ውስጥ ሥዕሉ ከየጠርዙ ቢያንስ 8 ፒክስል ይራቅ፣ አለዚያ ከሩቅ ሲታይ የ7ኛው ቁጥር ቀለም ወደ 8ኛው ይሾልካል። የሚደጋገም ሣር እንዲህ ካለ የጋራ ምስል ውስጥ አይገባም።

የሰማዩ ምስል ባለ 8192 በ4096 ሲሆን ፀሐይዋ ምስሉ ውስጥ የት እንዳለች ይለካ፣ የጨዋታው ብርሃንም በዚያው አቅጣጫ ይቁም። በስኮትላንድ ሜዳ ላይ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ነው የሚወድቀው። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በሰኔ ወር የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ትሆናለች፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ከአውሮፓ የመጣ የሰማይ ፎቶ ያለ ማስተካከያ የሚለጥፍ ሰው ይህን አያስተውልም።

አሁን ስለ ስም። የፋይል ስም በላቲን ፊደል፣ በትንንሽ ሆሄ፣ ያለ ክፍት ቦታ ይጻፍ። ከላይ በአማርኛ የሰጠነውም ምሳሌ ዲስኩ ላይ በላቲን ነው የሚጻፈው። ይህን የምንለው የራሳችንን ፊደል ጠልተን አይደለም። ከአራቱ ፕሮግራም ወይም ከተጨማሪዎቻቸው አንዱ የግዕዝ ፊደል ያለበትን አድራሻ ማንበብ ካቃተው ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ ስም በአማርኛ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ፋይል አድራሻው ውስጥ ያንን ስም ይይዛል። በዚያ ላይ «ሣር» እና «ሳር» ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ፋይል ናቸው፤ አንዱን ፈልጎ ሌላውን ማጣት ይመጣል። የስሙ ቅደም ተከተል ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይሂድ፦ ቦታው፣ ዓይነቱ፣ ቁጥሩ፣ የምስሉ ሥራ፣ መጠኑ። «ፌርዌይ_ኪኩዩ_02_ኖርማል_2048» ማለት ነው። በዚህ መንገድ ፎልደሩ በስም ሲደረደር የአንድ ሽፋን ሦስቱ ምስሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ የጎደለው ወዲያው ይታያል። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ2»፣ «እውነተኛው_የመጨረሻ» የሚባል ስም ግን ይቅር፤ ቁጥር ይሰጠው።

ፎልደሩ ሦስት ይሁን። አንደኛው የምንጭ ነው፦ ካሜራው ያወጣው ፎቶ፣ ሽፋኖቹ ያልተደፈጠጡ የጂምፕ ፋይል፣ ከመንግሥት ጣቢያ የወረደው የላይዳር ጥቅል። እዚህ የገባ አይነካም። ሁለተኛው የተዘጋጁት ናቸው፣ ከምንጩ የወጡት ፒኤንጂና ቲጂኤ። ሦስተኛው የዩኒቲ ፕሮጀክት ራሱ ነው። ምንጩ በዩኒቲ ፎልደር ውስጥ አይቀመጥ፤ ዩኒቲ ያገኘውን ምስል ሁሉ ሊያዘጋጅ ይነሣል፣ ፕሮጀክቱን መክፈት ብቻ ረዥም ጊዜ ይወስዳል። ዩኒቲ ውስጥ የገባ ምስል ደግሞ ሜታ የሚባል ጥንድ ፋይል አለው፤ ማንነቱን የሚያሳውቅ ቁጥርና የማመቂያ ምርጫዎቹ ሁሉ የተጻፉት እዚያ ላይ ነው። ምስሉን በዊንዶውስ ፎልደር በኩል ብቻውን ያዛወረ ሰው ሜታውን ጥሎ ይሄዳል፤ ዩኒቲ አዲስ ሜታ ይፈጥርለታል፣ የድሮውን ቁጥር የሚጠሩት ሁሉ ያጡታል፣ ፌርዌዩም ነጭ ይሆናል። ማዛወርም ስም መቀየርም በዩኒቲ መስኮት ውስጥ ይሁን። ምስል ለማደስ ግን መሰረዝ አያስፈልግም፤ በዚያው ስም፣ በዚያው ቦታ ላይ በላዩ መገልበጥ ይበቃል።

መጠባበቂያ ቅጂ ሲወሰድ የዩኒቲው ላይብረሪ ፎልደር ይቅር፤ ትልቁ እሱ ነው፣ ቢጠፋ ግን ዩኒቲ በራሱ መልሶ ይሠራዋል። መቅዳት ያለባቸው አሴትስ፣ ፓኬጅስና ፕሮጀክት ሴቲንግስ ናቸው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የሚሠራ ሰው ምስል እየገባ ሳለ ኮምፒውተሩ ቢጠፋበትና በኋላ የተዘበራረቀ ቴክስቸር ቢያይ ላይብረሪውን አጥፍቶ እንደገና ይክፈት፤ ብዙ ጊዜ ይድናል። ጊትሐብ (ፋይሎችን ከነለውጥ ታሪካቸው የሚይዝ ድረ ገጽ) ላይ ለሚያስቀምጡ ደግሞ ከ100 ሜጋ ባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል በተለመደው መንገድ አይቀበልም፤ ለትልልቅ ፋይሎች የተዘጋጀው የጊት ኤልኤፍኤስ መንገድ ከመጀመሪያው ቀን ይከፈት። ፋይሉ ታሪክ ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣቱ አድካሚ ነው።

ከጽሑፋችሁ ውስጥ ማስተካከያ እንዲወጣበት የምንጠይቀው አንድ ነጥብ አለ፤ ፎቶ ከኢንተርኔት ሰብስብ የሚለው። በፍለጋ የተገኘ ፎቶ ሁሉ ባለቤት አለው። የጉግል ካርታ የሳተላይት ምስልም የራሱ የአጠቃቀም ውል አለው፤ ከእሱ ላይ የተቀዳ ንጣፍ ከሜዳው ጋር ለሕዝብ ማሰራጨት ውሉን መጣስ ነው። ለአሜሪካ ሜዳዎች የግብርና መሥሪያ ቤቱ የአየር ፎቶዎች በነፃ አሉ። ለቴክስቸር ፖሊ ሄቨን እና አምቢየንትሲጂ ሲሲ0 በሚባለው ፈቃድ ይሰጣሉ፤ መሸጥም ማሰራጨትም ይቻላል፣ ስም መጥቀስ እንኳ ግዴታ አይደለም። ሲሲ ባይ የተባለው የባለቤቱ ስም እንዲጠቀስ ይጠይቃል። ኤንሲ የተጨመረበት ለንግድ አይሆንም፤ ሜዳው ዛሬ በነፃ ወጥቶ ነገ ገንዘብ በሚያስከፍል አዳራሽ ውስጥ ቢጫወቱበት ክርክር ያመጣል፣ ስለዚህ ከመነሻው ባይገባ ይሻላል። የክለቦች ዓርማና የማስታወቂያ ሰሌዳም የንግድ ምልክት ነው፤ ያለ ፈቃድ አይለጠፍ።

ይህን ለመከታተል አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ በቂ ነው፤ ምስሉ በገባበት ዕለት አንድ መሥመር ይሞላል፦ የፋይሉ ስም፣ የመጣበት አድራሻ፣ የፈቃዱ ዓይነት፣ የወረደበት ቀን፣ መጠኑ፣ የትኛው ጉድጓድ ላይ እንዳለ። ፈቃዱ የተጻፈበት ገጽም ፎቶ ተነሥቶ ከምንጩ ጋር ይቀመጥ፤ ገጾች ይለወጣሉ። ከወር በኋላ እሞላዋለሁ የሚል ሰው አይሞላውም፤ 200 ምስል ይዞ የትኛው ከየት መጣ ብሎ መፈለግ ሜዳውን ደግሞ ከመንደፍ አይተናነስም።

ሜዳው ከመውጣቱ በፊት የፕሮጀክቱ ቅጂ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ ተጠቃሚ ስም ባለበት፣ በሌላ ዲስክ ፊደል ይከፈት። የጠፋ ማያያዣ ካለ እዚያ ይታያል፤ ሻደሩ (ገጹ እንዴት እንደሚሣል የሚያዘው ፕሮግራም) የጠፋበት ነገር ደማቅ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሦስት ቦታ ላይ ይቆም፦ ቲው ላይ፣ ፌርዌዩ መሐል፣ ከግሪኑ ኋላ ወደ ቲው ዞሮ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ የጀርባ ቅጠላቸው ያልተሞላ ዛፎችና ከመሬት ላይ የተንሳፈፉ ሰሌዳዎች የሚገኙት ግን እዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጎልፍ ሜዳ የሚነድፉ አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ